በብርድ ወቅት የሚብስ የጉልበት ሕመም፤ መንስኤውና ማስታገሻው

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በደባርቅና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ሌሊቱ ውርጭ ነው። ወቅቱ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ በመሆኑም አርሶ አደሩ በማለዳ ብርድ ከማሳው ይውላል። የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕመሙ የሚጠናባቸው በዚሁ ጊዜ ነው። ብዙዎች ብርዱ እስኪያልፍ ተቀምጠው ለማሳለፍ ይሞክራሉ፤ ይሁንና ከእንቅስቃሴ መቆጠብ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ብርድ በጉልበት ላይ ምን ያደርጋል?

በጉልበት አጥንቶች ጫፍ ላይ የሚገኘው ልም አጥንት በዕድሜ፣ በቀድሞ ጉዳት፣ በከባድ ሸክም ወይም ከልክ ባለፈ ውፍረት ሲሳሳ ሕመም ይከተላል። ችግሩ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ይበዛል። ብርድ ይህን ጉዳት አይፈጥርም፤ ነገር ግን በጉልበት ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎችን ያኮማትራል፣ ሰውም እንቅስቃሴውን እንዲቀንስ ያደርጋል። የማይሠራ ጡንቻ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻም ጉልበትን በሚገባ አይደግፍም።

ጠዋት ጉልበት ተሳስሮ አልታጠፍ የሚለው ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ በማደሩ ነው። ልም አጥንት በመሳሳቱ የሚመጣው መተሳሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይለቃል።

በቤትና በሥራ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በጉልበት ላይ ማድረግ ጡንቻን ያላላል። የስኳር ሕመም ኖሮባቸው እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች እንዳይቃጠሉ ሙቀቱን በሌላ ሰው እጅ ማስለካት ይገባቸዋል። ለመሞቅ ሲባል በተዘጋ ቤት ከሰል ማቀጣጠል ግን በጭሱ መርዛማነት ሕይወትን ያሳጣል።

ከአልጋ ከመውረድ በፊት ጉልበትን ደጋግሞ ማጠፍና መዘርጋት ይጠቅማል። ቀን ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድን እግር ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ለ5 ሰከንድ ማቆየትና ይህንኑ 10 ጊዜ መደጋገም የጭን ጡንቻን ያጠነክራል። በሜዳማ መንገድ በየቀኑ በእግር መጓዝም መልካም ነው።

በአጨዳ፣ በእህል ለቀማና በእንጀራ ጋገራ ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ከመቆየት ይልቅ በርጩማ መጠቀም፣ በየመሐሉም ተነሥቶ መንቀሳቀስ ይገባል። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው። ውፍረት ያለበት ሰው ክብደቱን ቢቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀልለታል።

መድኃኒትን በተመለከተ

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመምን ያስታግሣሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትንም ይጨምራሉ። የሚቀባው ዓይነት ዳይክሎፌናክ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ሕመም በተነሣ ቁጥር መርፌ መወጋት ልማድ ሊሆን አይገባም።

ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ጉልበት በድንገት አብጦ ቢቀላና ቢያተኩስ፣ ትኩሳትም ቢኖር፣ መገጣጠሚያው በተዋሲያን ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታከም ያስፈልጋል። ከመውደቅ በኋላ እግርን መርገጥ አለመቻል፣ ጉልበት ተቆልፎ አልዘረጋ ማለቱ፣ ወይም የጠዋቱ መተሳሰር ለሳምንታት በየዕለቱ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየቱም ምርመራ ይሻል።

የልጆች ሕመም ደግሞ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። የጉሮሮ ሕመም ከታመመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳት ያለው፣ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር እብጠትና ሕመም የያዘው ልጅ “ብርድ መትቶት ነው” ተብሎ በቤት ሊታለፍ አይገባም። ይህ ሕመም የልብ በሮችን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል፤ ልጁ በጊዜ ከታከመና በሐኪም ትእዛዝ የፔኒሲሊን መርፌውን ሳያቋርጥ ከወሰደ ግን ሕመሙ ተመልሶ ልቡን እንዳይጎዳ መከላከል ይቻላል።