ጣርማ በር፦ ድንበርም በርም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ በሰፊው የገብስና የባቄላ ማሳ መካከል ሲጓዝ ይቆይና ድንገት ሜዳው ያልቅበታል። ጣርማ በር ማለት ይህ ቦታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጠው ደጋ በአንድ ጊዜ ተቆርሶ ወደ ኢፋት ቆላ ይወርዳል። ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገደኛውን ይውጠዋል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ በአፋፉ ላይ ሣር ይግጣል። ከአፋፉ በስተ ምዕራብ የወረደው ዝናብ በጀማ በኩል ከዓባይ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል፤ በስተ ምሥራቅ የወረደው ግን ወደ አዋሽ ገብቶ፣ ከየትኛውም ባሕር ሳይደርስ፣ በአፋር በረሃ ከአቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

የአንድ ደመናን ውሃ ለሁለት የሚከፍል ተራራ ሰውንም ለሁለት ከፍሎ ኖሯል ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ስለዚህ አካባቢ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የጦርነት ታሪክ የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። የቦታው ስም ግን «ግንብ» ወይም «አጥር» አይልም፤ «በር» ይላል። በር ደግሞ የሚዘጋውን ያህል የሚከፈትም ነገር ነው።

ጦርነቱ አልነበረም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ በደጋው ላይ ሥርወ መንግሥቱን ሲተክል፣ ከተረተሩ በታች ደግሞ የወላስማ ቤት እየበረታ ነበር። በ1285 ይኸው ቤት በምሥራቅ ሸዋ የነበረውን እስላማዊ ሱልጣኔት አስገብሮ የኢፋትን ኃይል አጸና። በ1332 ዐፄ ዓምደ ጽዮንና የኢፋቱ ሰብረዲን ጦር ተማዘዙ። የሃይማኖት ቃል ከሁለቱም ወገን ተሰምቷል፤ ከቃሉ በስተ ጀርባ ግን ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የንግድ መንገድና ቀረጡ ነበር። ሁለቱም ኃይሎች የፈለጉት ይህን በር መያዝ እንጂ መድፈን አልነበረም።

ለዚህም ምክንያቱ ከነገሥታት ፈቃድ ይልቅ በመሬቱ ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ደጋው ገብስ፣ የበግ ፀጉርና ማር አለው፤ ጨውና ጥጥ ግን አያበቅልም። ቆላው ማሽላና ጥጥ ያመርታል፤ ከአፋር ምድር ጨው ያስመጣል። ግመል ጭነቱን ከበረሃ እስከ ተራራው ግርጌ ያደርሳል እንጂ ቀጥ ያለውን ዳገት አይወጣም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የበቅሎና የአህያ፣ አንዳንዴም የሰው ጀርባ ነው። እንግዲህ ሸክም የሚወርድበትና እንደገና የሚጫንበት ቦታ፣ የሁለቱንም ወገን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ዋጋ የሚያስማማ፣ እንግዳ የሚያሳድር ሕዝብ ይፈልጋል። በዚህ ተረተር ላይ ይህን ኃላፊነት ለዘመናት የተሸከሙት ዋነኞቹ አርጎባዎች ናቸው።

አርጎባ ሙስሊም፣ ነጋዴ፣ ሸማኔና አራሽ ሕዝብ ነው። ቋንቋው ከሴማውያን ልሳናት ወገን ሆኖ ለአማርኛ እጅግ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከአንኮበር በታች የምትገኘው አልዩ አምባ ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። በዓርብ ገበያዋ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና ሐረሪው ይገናኝ ነበር። የገበያው መልክ ሁሉ ግን ያማረ አልነበረም፤ በአጠገቧ በምትገኘው በአብዱል ረሱል ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር።

ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው የጎንጮ ነገር ነው። የጥንቱን የኢፋት ገዢዎች የዘር ሐረግ የሚጠቅሰው የወላስማ ቤት በሣህለ ሥላሴ ዘመን ኢፋትን በሹመት ያስተዳድር ነበር። ክርስቲያኑ ንጉሥ ዙፋን ይሻሙኛል ብሎ የሚፈራቸውን የገዛ ወንድሞቹን ያሳሰረው በጎንጮ አምባ፣ በዚሁ ሙስሊም ሹም ጥበቃ ሥር ነበር። የአምስት መቶ ዓመት ባላንጣ የቤተ መንግሥቱን ምሥጢር ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቦታ ለወጠ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. ደረሰላት፤ የአልዩ አምባ ገበያ ከዋናው ንግድ ውጪ ቀረ። ፋሺስቶች በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሡ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቃቸውና ለጥቂት ጊዜ ተገቱ። በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ሠሩ። እነ ራስ አበበ አረጋይ ደግሞ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ምድር እስከ 1933 ዓ.ም. በአርበኝነት ጸኑ። ድል አድራጊው ሄደ፤ ዋሻው ለደብረ ሲና ቆሎ ሻጮችና ለመንገደኞቻቸው ቀረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይኸው በር ዳግመኛ የጭንቅ ስም ሆነ።

አዲሱ መንገድ ያተረፈውን ያህል ያስረሳውም አለ። በኢፋት ኮረብታዎች ላይ የኖራና የአስበሪ የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ ከነመስጊዶቻቸው ይገኛሉ። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት የወላስማ ገዢዎች መቃብር የዐረብኛ ጽሑፍ ተነብቧል። ድንጋዩ ተናገረ፤ አንደበቱ ግን እየደከመ ነው። በአንኮበርና በአልዩ አምባ ዙሪያ ያሉ አያሌ አርጎባዎች አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው፤ አርጎብኛ በይበልጥ ተጠብቆ የቆየው ወደ ሰሜን፣ በሾንኬና በጦላሃ መንደሮች ነው።

ድንጋይ ቆፋሪ እስኪመጣ ይታገሣል፤ ቋንቋ ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ የደብረ ሲና መምህር ዓምደ ጽዮንን ሲያስተምር የአልዩ አምባን ዓርብ ጨምሮ ቢያስተምር፣ ጸሐፌ ተውኔቱም ከጦር ሜዳው ጎን ለጎን የጎንጮን እስረኞችና የጠባቂያቸውን ቤት ቢመረምር፣ ተማሪውና ተመልካቹ ስለዚህ ምድር የሚያውቁት ታሪክ ሙሉ ይሆናል። ተራራውን የወጡት ሠራዊት ብቻ አልነበሩም፤ ጨው የተሸከመም ወጥቶበታል።