ቀይ ቆብ ያደረገ ሁሉ ባንዳ ነው?

አንድ ያረጀ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፡፡ ከሥሩ «የቢቸና አርበኞች» ተብሎ ተጽፏል፡፡ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ብድግ ይልና «ቆባቸውን አታዩም እንዴ? እነዚህማ ባንዳ ናቸው!» ይላል፡፡ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን ስድብ እናንተው ታውቁታላችሁ፡፡

ነገሩ ቀልድ አይደለም፡፡ የበላይ ዘለቀ አገር በሆነችው በቢቸናና በጎረቤቷ በሞጣ «የባንዳ ዘር» መባል ለልጅ ልጅ ይተርፋል፡፡ ስለዚህ እስቲ ረጋ ብለን የ1928-1933ን ፎቶ እንዴት እንደምናነብ እንይ፡፡

ከቆቡ እንጀምር፡፡ ረጅሙ ታርቡሽ የአስካሪ፣ ማለትም በጣሊያን ቅኝ ጦር ውስጥ የተቀጠረ ወታደር ምልክት ነው፡፡ አንዱ ሻለቃ ከሌላው የሚለየው በታርቡሹ ዘርፍና በወገቡ መቀነት ቀለም ነበር፡፡ ችግሩ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው! ቀዩም ጥቁሩም መቀነት ጠቁሮ ሊወጣ ይችላል፡፡ የእጅጌውን የማዕረግ ምልክት ግን መቁጠር ይቻላል፤ አንድ ከሆነ ሙንታዝ፣ ሁለት ከሆነ ቡልቅባሺ፣ ሦስት ከሆነ ሹምባሺ፡፡

ባንዳውስ? «ባንዳ» በጣሊያንኛ ቡድን ማለት ነው፡፡ ጣሊያን ከየአካባቢው መልምሎ ያስታጠቀው መደበኛ ያልሆነ ጦር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚለብሰው ያንኑ የአገሩን ልብስ ነበር፡፡ እንግዲህ አስቡት፤ ነጭ ጋቢ የለበሰው ባንዳ ዛሬ «አርበኛ» ተብሎ ሊለጠፍ ይችላል፡፡

የነጮቹን ኮሌታ ደግሞ እዩ፡፡ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ካለው የመደበኛው ጦር ነው፡፡ በኮከቡ ፈንታ የታሰረ በትርና መጥረቢያ ካለው የሙሶሊኒ ሚሊሻ፣ ጥቁር ሸሚዝ የሚባለው ነው፡፡

«መሪው በቀኝ ስለሆነ መኪናው የእንግሊዝ ነው» የሚላችሁን አትስሙ፡፡ የዚያን ዘመን የፊያትና የላንቻ ከባድ መኪናዎችም መሪያቸው በቀኝ ነበር፡፡ ይልቅ ሰሌዳውን አንብቡ፤ «ሬጂዮ ኤዜርሲቶ» የሚለው ምሕጻር የጣሊያን ንጉሣዊ ጦር ማለት ነው፡፡ አውሮፕላን ካለ ጭራውን እዩ፡፡ ነጭ መስቀል ከተቀባ፣ ፎቶው ጣሊያን በሰኔ 1932 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ የተነሣ ነው፡፡ በ1933 ከሱዳን ወደ ጎጃም የገባው የዊንጌት ጦር ደግሞ ስንቁን የጫነው በአብዛኛው በግመል ነበር፤ 15 ሺህ ያህል ግመል!

ፎቶውን መገልበጥም አትርሱ፡፡ ጣሊያኖች ከቀኑ ጎን የፋሽስት ዘመናቸውን በሮማ ቁጥር ይጽፉ ነበር፡፡ 16 የሚል ካገኛችሁ ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ያለው ዓመት ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፡፡ ይህ ሁሉ ምልክት የሚነግረን ልብሱ የማን ጦር እንደሆነ ነው፡፡ የለበሰው ሰው ልቡ ከማን ጋር እንደነበረ አይነግረንም፡፡ አርበኛው ጠመንጃውንም፣ ዝናሩንም፣ ካፖርቱንም ከጠላት ይማርክ ነበር፡፡ ከጣሊያን ከድተው ወደ አርበኛው የገቡ አስካሪዎችና ባንዶችም ብዙ ናቸው፤ ሲገቡ ልብሳቸውን የሚቀይርላቸው መጋዘን አልነበረም፡፡ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን እንኳ እንይ፡፡ እስከ መጋቢት 1933 ድረስ ከጣሊያን ጎን ነበሩ፡፡ መጋቢት 28 ቀን 1933 ግን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ተቀባይ ሆነው ቀረቡ፡፡ በየካቲትና በመጋቢት የተነሡ ሁለት ፎቶዎቻቸው ቢቀርቡልን ከሥራቸው ምን ብለን ልንጽፍ ነው?

ስለዚህ ለፎቶ ስም ስንሰጥ ያየነውን ብቻ እንጻፍ፡፡ «ታርቡሽ ያደረጉ ሦስት ሰዎች፣ ሞጣ» ማለት ይበቃል፡፡ «ባንዳ» ወይም «አርበኛ» የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት የሰውየውን ስም፣ የነበረበትን ቦታና ዓመቱን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ፡፡ ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ሽማግሌዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከአባቶቻቸው የሰሙት ግን ዛሬም ቢቸናም ሞጣም አሉ፡፡ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ አውርዱና ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት፡፡