ከነጠላው በታች

«የአገር ልብስ ስለብስ ምን ጫማ ላድርግ?» የምትለው ጥያቄ መስከረም በጠባ ቁጥር ትመጣለች። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለሠርግ ጥበብ የሚያሠራ ሰው ሸማኔው ዘንድ ቁጭ ብሎ ጥለት ሲያማርጥ ይውላል። እግሩ ላይ ሲደርስ ግን ግራ ይጋባል። ሞካሲን? ነጠላ ጫማ? ወይስ ወጣቶቹ የሚያዘወትሩት ነጭ ስኒከር? ሽማግሌ ቢጠየቅም መልስ የለውም። ከየት ያምጣ? ልብሱ የተሠራው ለባዶ እግር ነዋ!

የድሮውን የበቅሎ እርካብ ያየ ነገሩ ይገባዋል። አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ጠባብ ቀለበት ነበረች። ባለ ካባውና ባለ ጃኖው መኳንንት በባዶ እግሩ እየረገጣት ነበር የሚወጣው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ የአገሩን ሰው ሊመስል በተነሳ ጊዜ ሸማ መልበሱ ብቻ አልበቃውም፤ ጫማውንም አውልቆ ጣለ። ልብሱን በደንብ አንብቦታል ማለት ነው። ቋንቋችንም ቢሆን «ከእግር ጫማ እስከ ራስ ጠጉር» ሲል የሚያወራው ስለ ቆዳ ጫማ አይደለም፤ ስለ ውስጥ እግራችን ነው።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ስኮትላንዶች ዛሬ ከዚያ ጉርድ ቀሚስ ከሚመስለው ኪልታቸው ጋር ክሩ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠመጠም ጥቁር ጫማ ካላደረጉ ያፈሩ ይመስላቸዋል። የደጋው ሰው አያቶች ግን በባዶ እግር፣ ሲከፋም ውሃ እንዲያሳልፍ በተበሳሳ የአጋዘን ቆዳ ነበር ረግረጉን የሚያቋርጡት። ጎረቤቶቻቸው እንዲያውም «ቀይ ቅልጥሞች» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ኪልቱ ከነሙሉ ደንቡ የክት ልብስ ወደመሆን ያዘነበለው እ.ኤ.አ. በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ነው፤ ዝግጅቱን የመራው ደግሞ ልብ ወለድ ጸሐፊው ዋልተር ስኮት ነበር። አየህ አንባቢ፣ ደራሲ ሥልጣን ሲያገኝ ልብስም ይደርሳል!

እኛ ጋ ደራሲ አልተገኘም፤ ጫማው በማዕረግ መጣ። ንጉሡና መኳንንቱ ከካባው ሥር የፈረንጅ ቆዳ አደረጉ፤ ሌላው ቀረ። በቤልጂጎች የሠለጠነው የክብር ዘበኛ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተነሳውን ፎቶግራፍ ተመልከቱ። ካኪው የተተኮሰ፣ ጠመንጃው የተወለወለ፣ እግሩ ባዶ። ወዲያው 1928 ዓ.ም. መጣ። ከአውሮፕላን የወረደው የጣሊያን የሰናፍጭ ጋዝ ሣሩና ቁጥቋጦው ላይ ተኝቶ ይጠብቅ ነበርና፣ የረገጠውን ባዶ እግር ላጠው። ስለ ባዶ እግር ስናወራ ግን ይሄ ትዝ አይለንም። ትዝ የሚለን አበበ ቢቂላ በ1952 ሮም ላይ ያደረገው ነው። በ1957 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ግድም ፈጥኖ መግባቱን ስንቱ ያነሳዋል?

አሁን ወደ ያዮ ልውሰዳችሁ፤ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጫካው ውስጥ ቡና ሳይተከል የሚበቅልባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ ከነደኗ መዝግቧታል። ኢሉባቦር ነጭ ጨርቅን በብዛት ያገኘው በባሮ ወንዝ በኩል ነው። ቡናው ከጎሬ በበቅሎ ጋምቤላ ይወርዳል፣ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ሱዳን ይገባል፤ በምትኩ ጨውና አቡጀዲ ይወጣል። አቡጀዲው ገበሬው ቤት ሲገባ ጫማው ገና መንገድ ላይ ነበር፤ በረባሶውና የፕላስቲኩ ኮንጎ ብዙ ቆይተው ነው የደረሱት።

ያዮ ሠርግ ተጠርቼ አንድ ነገር አየሁ። በዝናብ የላላውን ቀይ መንገድ ነጭ የለበሱ ሴቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይወጡታል። ከሠርጉ ቤት በታች ካለች ምንጭ ሲደርሱ እግራቸውን ይታጠባሉ፣ ጫማቸውን ያደርጋሉ፣ እልል እያሉ ይገባሉ። እኔም መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! ኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ተገልብጧል። የሚጠበቀው ጫማው ነው፤ ጭቃውን የሚረግጠው እግሩ።

ያ ቀይ አፈር ደግሞ እንዲሁ አፈር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ደጋዎች እየዞረ ሲያጠና፣ ይሄኛው ዝሆኔ ትንኝ ከምታስተላልፈው የተለየ መሆኑን አስረዳ። ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘው ቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ ይገባል፣ ዓመታት ቆይቶ እግሩን ያሳብጣል። «ፖዶኮኒዮሲስ» አለው፤ በግሪክኛ እግርና አቧራ ማለት ነው። ዝናብ የማያጣው የኢሉባቦር ቀይ መሬት በሽታው ካለባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በአገሪቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞታል ተብሎ ይገመታል። ተጋላጭነቱ በዘር መውረዱ እውነት ነው፤ ግን ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የታጠበ ልጅ፣ ቤተሰቡ ቢታመምም እሱ ይድናል። ሰዉ የያዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። «ከነሱ ዘር አይጋቡም» ይላል።

ስለዚህ ጫማ ምረጥ ላላችሁኝ፦ ድፍን ይሁን፤ ቡናማ ቆዳ ቢሆን ጥበቡን አያስቀናውም። ክረምት ከሆነና መንገዱ የያዮ ዓይነት ከሆነ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ሌላውን በፌስታል ያዙና በር ላይ ቀይሩ። ስኒከሩንም ከዚህ ወዲያ አልቃወምም፤ ተረከዙ ሹል ከሆነው ይሻላል፣ እሱ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ይቀራል።

የዚያን ለት ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ነበረች። ሐበሻ ቀሚሷ መሬቱን ይጠርጋል፤ ሰፊው በልክ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ሙሽሮቹ ፎቶ ሲነሱ «እትዬ፣ ነይ እንጂ!» ብለው ጠሯት። እጇን አወዛወዘች፣ ቀሚሷን ወደታች ሳብ አደረገችና እዚያው ቀረች።