ወንፊት ለማን ተሠራ?

ገርጂ በተከራየሁት ቤት መስኮቶች ሁሉ ላይ ወንፊት ሽቦ ተወጥሯል። ባለፈው መስከረም፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ስፈትሻቸው የቤቱ ባለቤት እማማ ከበረንዳው ሆነው «ልጄ፣ አዲስ አበባ ምን ወባ አለና ነው እንዲህ የምትደክመው?» አሉኝ። «ለዝንብም ይጠቅማል እማማ» ብዬ አለፍሁ። ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም፤ ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

ጣሊያኖች በሽታውን «ማላሪያ» አሉት፤ ክፉ አየር ማለት ነው። ከረግረግ የሚነሣው ሽታ ያመጣዋል ብለው ያምኑ ነበርና። የእኛ አባቶች ደግሞ «ነደደ» ከሚለው ግሥ «ንዳድ» የሚል ስም አወጡለት። ጣሊያኖቹ በጠረጠሩት፣ እኛ ባቃጠለን ነገር ጠራነው። እውነተኛው ተጠያቂ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1900 በጋ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲ በደቡብ ጣሊያን፣ በካፓቾ ሜዳ፣ የባቡር ሠራተኞች በሚኖሩባቸው ቤቶች በርና መስኮት ላይ ወንፊት አስወጠረ። በወንፊቱ ከተጠበቁት 112 ሰዎች የታመሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ ወንፊት ያልነበራቸው ጎረቤቶቻቸው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በንዳድ ወደቁ። አንዲት ጠብታ መድኃኒት ያልተረጨበት፣ አየሩን አሳልፎ ትንኟን የሚያስቀር ሽቦ ይህን ያህል ሠራ።

ታዲያ ይህ ወንፊት ወደ አገራችን ሲመጣ የት ገባ? እ.ኤ.አ. በ1958 ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኢትዮጵያ ታይቶ በማይታወቅ የወባ ወረርሽኝ ተመታች። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው፣ «ደጋ ነን» ብሎ ተዘናግቶ በኖረው አገር ሳይቀር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ የጎጆው ግድግዳ ሁሉ ዲዲቲ ተረጨ። ወንፊቱን ግን ያስታወሰው አልነበረም። በምን ላይ ይወጠራል? የሣር ክዳኑና ግድግዳው በሚገናኙበት ክፍት የሆነ፣ መስኮት የሌለው ጎጆ ወንፊት አይይዝም። ወንፊቱ የሄደው ባለመስኮት ወደ ሆኑት የከተማ ቪላዎች ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያው 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ተዘረጋበት ወደ ቦሌ ጭምር። ወባ በሌለበት ቤት ወንፊት ገባ፤ ወባ ባለበት ቤት ግን የሚወጠርበት መስኮት እንኳ አልነበረም።

ይህ የዕድል መዛባት እንጂ የወንፊቱ ድክመት አልነበረም። ፈቃዱ ማሴቦና ቤርንት ሊንድቾርን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በጫኖ መንደር በርና መስኮታቸው ወንፊት በተደረገላቸው ቤቶች ውስጥ የወባ ትንኝ ቁጥር በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ከካፓቾ እስከ ጫኖ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

አሁን ደግሞ ትንኟ ራሷ ወደ ከተማ መጥታለች። «አኖፌለስ ስቴፈንሲ» የምትባለው የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በቀብሪ ደሃር ታየች። በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ በተነሣው ወረርሽኝ የወባ ሕሙማን ቁጥር ከ2019 ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ አሻቀበ። ይህች ትንኝ ረግረግ አትሻም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ ይበቃታል። እኛ የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰዎች፣ ከገርጂ እስከ አያት፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜል ሞልተን የምናስቀምጥ ነን። ብርዱ እስከ ዛሬ ጋሻችን ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1958 የደጋው ሰው ያመነውም ይህንኑ ከፍታና ብርድ ነበር።

ስለዚህ መፈተሹ ከንቱ ድካም አይደለም። ሲመሽ የቤቱን መብራት አብርቶ ከውጭ ማየት ነው፤ ቀዳዳው ራሱ በብርሃን ይናገራል። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘኖችና ሽቦው ከእንጨቱ የሚገናኝበትን ጠርዝ፣ ቀጥሎ ዝገቱን ማየት ይገባል። ትንሽ ቀዳዳ ከዚያው ዓይነት ወንፊት በተቆረጠ ቁራጭና በቀጭን ሽቦ ይሰፋል፤ የዛገና በጣት ሲነካ የሚፈረፍር ከሆነ ግን መለወጥ ነው። አቧራውም ሳይጫኑ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ይታጠባል። አንድ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ላለበት ወንፊት የቀረው በሙሉ ጤነኛ መሆኑ ምንም አይጠቅመውም።

የመጨረሻውን መስኮት ሰፍቼ ከበርጩማው ስወርድ እማማ አሁንም በረንዳው ላይ ነበሩ። «ጨረስህ ልጄ?» አሉኝ። «አልጨረስሁም እማማ» አልኋቸው፤ የበርሜሉን ክዳን አንሥቼ ዙሪያውን እያየሁ።