የሠራተኛ መንገድ በሎንዶንና በጆሃንስበርግ

ሰው ከቤቱ ወደ ሥራው የሚሄድበት መንገድ እንደየአገሩ ልዩ ልዩ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አንዱ በባቡር፥ አንዱ በአውቶቡስ፥ ሌላውም በእግሩ ይሄዳል። ዳሩ ግን በዚህ አጭር ጽሑፋችን ልንመረምር የወደድነው የመጓጓዣውን ዓይነት ሳይሆን፥ ርቀቱን ማን እንዳመጣውና ዋጋውን ማን እንደከፈለው ነው። ለዚህም ሎንዶንንና ጆሃንስበርግን መርጠናል። ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የባቡር ኩባንያዎች ሐዲዳቸውን ወደ ሎንዶን መካከል ሲያስገቡ ብዙ የድኾች ቤት ፈረሰ። ሠራተኛው በሥራው አጠገብ የነበረውን መኖሪያ ሲያጣ ርቆ መኖር ግድ ሆነበት፤ የባቡሩ ዋጋ ግን ከደመወዙ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ስለዚህ ፓርላማው በ1864 ግሬት ኢስተርን የተባለው ኩባንያ መስመሩን ወደ መሐል ከተማው እንዲያስገባ ሲፈቅድለት፥ ከኤድመንተንና ከዋልተምስቶው ሠራተኞችን በ2 ፔንስ ደርሶ መልስ እንዲያመላልስ ግዴታ ጣለበት። በ1883 የወጣውም ሕግ መንግሥት ሌሎቹን ኩባንያዎች የሠራተኛ ባቡር እንዲያስኬዱ ለማዘዝ እንዲችል አደረገ።

ምንም እንኳ ርካሹ ባቡር በማለዳ ብቻ የሚሄድ ስለነበረ ሥራው ዘግይቶ የሚከፈትለት ሰው በብርድ ቢጠብቅ፥ ጥቅሙ ብዙ ነበር። የዋልተምስቶው ሕዝብ በ1871 ዓ.ም. 11 ሺህ ያህል የነበረው በ1901 ወደ 95 ሺህ ደረሰ።

በጆሃንስበርግ ርቀቱን ያመጣው የዘር ልዩነት ነው። በ1923 የወጣው ሕግ የከተማ ሹማምንት ጥቁሮችን ለይተው እንዲያሰፍሩ ሥልጣን ሰጠ። አሌክሳንድራ በተባለው ሠፈር የሚኖሩ ሠራተኞች ወደ ከተማው ለመድረስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ ነበር። በ1957 መጀመሪያ የአውቶቡሱ ዋጋ ከ4 ፔንስ ወደ 5 ፔንስ ከፍ ሲል፥ ሕዝቡ «አንሳፈርም» ብሎ በእግሩ ሄደ። አንዲት ፔኒ ምን ትሆናለች ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተ ሰብ በቀን ሁለት ጊዜ ስትደገም እንጀራ ናት። ፖሊስ በመኪና የሚረዷቸውን ሰዎች ቢያዋክብም፥ ሠራተኞቹ ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ ማለዳና ማታ ተመላለሱ። በመጨረሻም ዋጋው በ4 ፔንስ ጸና፤ ልዩነቱንም በአሠሪዎች ላይ የሚጥል ሕግ በዚያው ዓመት ወጣ።

ከሁለቱ የምንረዳው፥ ርቀቱን ያላመጣው ሠራተኛ ዋጋውን ብቻውን ሊሸከመው እንደማይችል ነው። በእንግሊዝ አገር ሕግ የደረሰለት ብዙ ቤት ከፈረሰ በኋላ ነው፤ በደቡብ አፍሪቃ ደግሞ ሕዝቡ በእግሩ ከደከመ በኋላ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በከተማው ዳር ተሠርተዋል፤ በ2015ም የቀላል ባቡር ሥራ ጀምሯል። ቤት ለማደል ዕቅድ የሚያወጡ ሁሉ የቤቱን ዋጋ ሲያሰሉ የመንገዱንም ዋጋ አብረው ቢያሰሉ፥ ሌሎች አገሮች ዘግይተው የተማሩትን እኛ ቀድመን ልንማር እንችላለን።