ሰንሰለቱን ማን ፈታው?

ስለ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቶኒ ሮቤር ፍለሪ በ1876 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሣለው ሥዕል ነው። ዶክተር ፊሊፕ ፒኔል በፓሪስ ቆሞ የአንዲት ሕመምተኛ ሰንሰለት ሲያስፈታ ያሳያል። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ታሪኩ ግን በአንድ ታላቅ ሰው ትእዛዝ ያለቀ አይደለም። በ1797 በቢሴትር ሆስፒታል ሰንሰለቱን ያስቀረው ዣን ባቲስት ፒውሳ የተባለ፣ ራሱ እዚያው ታክሞ የዳነ፣ ሐኪም ያልሆነ ተቆጣጣሪ ነበር። እሱም ቢሆን በብረቱ ፈንታ እጅ የሚያስር ሸሚዝ አስገባ። ብረቱ በጨርቅ ተተካ እንጂ እስሩ አልቀረም።

ታዲያ እስሩን ራሱን ማስቀረት እንደሚቻል የት ታየ? በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከን ከተማ ሆስፒታል ነው። በ1829 አንድ ሕመምተኛ አልጋው ላይ ታስሮ፣ ጠባቂ ሳይኖረው አድሮ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ ወጣ፦ ሕመምተኛ ሌሊት የሚታሰር ከሆነ አስታማሚው አብሮት ክፍሉ ውስጥ ይደር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ማሰር የአሳሪውን እንቅልፍ የሚያሳጣ ሲሆን፣ «ግድ ነው» ይባል የነበረው እስር ብዙውን ጊዜ ግድ ሳይሆን ቀረ!

መዝገቡ ይመስክር። በ1829 ከ72 ሕሙማን 39ኙ ታስረዋል፤ ሰዓቱ ሲደመር 20,424 ነው። በ1837 ከ130ው የታሰሩት 2 ብቻ ናቸው፤ 28 ሰዓት። በ1838 አንድም አልታሰረም። ዶክተር ቻርልስዎርዝና ሮበርት ጋርዲነር ሂል ያስገኙትን ይህን ውጤት አይቶ፣ ጆን ኮኖሊ በ1839 ለንደን አጠገብ ባለው በሃንዌል ሆስፒታል 800 ያህል ሕሙማን ይዞ እስርን አስቀረ። ተቃዋሚዎችም «ብቻውን ክፍል ውስጥ መቆለፍስ እስር አይደለም ወይ?» አሉ። ጥያቄያቸው ዛሬም ይሠራል።

ልብ እንበል፤ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1952 ነው። ስለዚህ የሊንከንን ሕሙማን የፈታቸው ክኒን አይደለም። የአስታማሚ መብዛት፣ የሌሊት ጥበቃና እያንዳንዱን ሰዓት የሚቆጥር መዝገብ ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። በገጠራችን የታመመ ልጇን በገመድ የምታስር እናት ጨካኝ ስለሆነች አይደለም፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ የሚጠብቅላት፣ በቅርብም የሚያክምላት ስለሌለ ነው። እሷን መውቀስ ቀላል ነው። ይልቅስ «ማነው አብሯት የሚያድረው?» ብለን እንጠይቅ።