የዱሮው ሂፕ ሆፕና ትዝታው

«የዱሮው ሂፕ ሆፕ ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ የዛሬው ግን አንዱ ሌላውን ይመስላል» የሚል ወቀሳ በጎልማሶች ዘንድ ዘወትር ይሰማል። እኔም አልፎ አልፎ እንዲህ ማለቴን አልክድም። ዳሩ ግን ታሪኩ ሲመረመር ወቀሳው በከፊል እንጂ በሙሉ አይጸናም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙዚቃው የተወለደው በኒው ዮርክ፥ በብሮንክስ ሠፈር ነው። በኦገስት 11 ቀን 1973 ኩል ሐርክ የተባለው የጃማይካ ተወላጅ እኅቱ ባዘጋጀችው ጭፈራ ላይ ሸክላ አጫወተ። የታወቀበትም ዘዴ ሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን አኑሮ፥ ከበሮው ብቻ የሚሰማበትን ክፍል እየመላለሰ ማስረዘም ነበር። እንግዲህ የዚህ ጥበብ መሠረቱ ከሌላው ሸክላ ቆርሶ አዲስ ነገር መሥራት ነው።

በ1988 እና በ1989 የወጡትን ሸክላዎች ብንመለከት ወቀሳው እውነት ይመስላል። ፐብሊክ ኢነሚ ስለ ፖለቲካ ይጮኻል፤ ኤን ደብልዩ ኤ የኮምፕተንን ጎዳና ያወራል፤ ደ ላ ሶል ይቀልዳል፤ ክዊን ላቲፋ ስለ ሴቶች ክብር ትናገራለች። ታዲያ ይህ ልዩነት ስለ ምን ቀነሰ? የወጣቶቹ ተሰጥዎ ስለ ነጠፈ አይደለም።

በ1991 አንድ የኒው ዮርክ ዳኛ፥ ቢዝ ማርኪ ያለ ፈቃድ የሌላውን ዘፈን ቆርሶ በመጠቀሙ ፈረደበት። የፍርዱን ጽሑፍ የጀመረውም ስርቆትን በሚከለክለው የኦሪት ትእዛዝ ነው! ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ማስፈቀድና መክፈል ግድ ስለ ሆነ፥ ከብዙ ቁራጭ የሚሠራ ሙዚቃ የባለጸጋ ሥራ ሆነ። የደ ላ ሶል የመጀመሪያ ሥራዎች እንኳ በኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች ሊሰሙ የቻሉት በ2023 ነው። ሁለተኛውም ምክንያት የ1996 የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። አንድ ኩባንያ በመላው አገር ከ40 የራዲዮ ጣቢያዎች በላይ እንዳይዝ የሚከለክለው ወሰን ሲነሣ፥ ክሊር ቻነል ከ1,000 በላይ ጣቢያዎች ጠቀለለ። በብዙ ከተማ የሚሰማው ዘፈንም በጥቂት ሰዎች የሚመረጥ ሆነ።

ቢሆንም ትዝታ የሚደብቀው ነገር አለ። የግራሚ ሽልማት ለራፕ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1989 ሲሰጥ፥ ሥነ ሥርዓቱ በቴሌቪዥን አልታየም፤ ተሸላሚዎቹም በዚህ ተቆጥተው ከበዓሉ ቀሩ። ለምርጥ የራፕ አልበም የሚሰጠውን ሽልማት አንዲት ሴት ብቻዋን ያገኘችው ገና በ2019 ነው፤ እርስዋም ካርዲ ቢ ናት። ደግሞስ ከዱሮው የምናስታውሰው ምርጡን አይደለምን? ተራው ሸክላ ተረስቷል።

ናስ የተባለው ዝነኛ የኒው ዮርክ ራፐር በ2006 አልበሙን «ሂፕ ሆፕ ሞቷል» ብሎ ሰየመው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን እርሱው ራሱ ከዴሚያን ማርሊ ጋር ሆኖ አዲስ ዘፈን አወጣ። የዘፈኑም ዜማ የተቆረሰው ከእኛው ከሙላቱ አስታጥቄ ሸክላ ነው፤ ስሙም «የግሌ ትዝታ» ይባላል።